ማሽን የሰውን ማሰብ ይደርስበታል? የባሕር ዳር ልጆች ክርክር

አወያይ፦ ሰላም የጣና ልጆች! እሑድ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ መሸብን። እዚህ እንቀጥል። ማሽን አንድ ቀን እንደ ሰው ማሰብ ይችላል? ይበልጠንስ ይሆን? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። የሰው አንጎል የሚሠራው 20 ዋት ገደማ በሆነ ኃይል ነው፤ ትንሽ አምፖል የምትፈጀውን ያህል። ሥጋና ደም ይህን ካደረገ፣ ሌላ ነገር የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። እስቲ እናንተ።

የቅኔ ተማሪ፦ ወንድም ዓለም፣ ማሰብ በዋት ይለካል እንዴ? ትናንት ማታ ስልኬ ላይ ያለውን አንዱን ጠይቀውት የሚመልስ ማሽን "በግእዝ ጉባኤ ቃና ቁጠርልኝ" አልሁት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ጀማሪ የሚሟሽባት። በሰከንድ ጻፈልኝ። ቤቱ አይመታም። "ሰምና ወርቁ የቱ ነው?" ብለው፣ ስለ ሰምና ወርቅ ረጅም ትምህርት ሰጠኝ እንጂ ከጻፈው ውስጥ ማሳየት አልቻለም። እኔ የመጀመሪያዋን ለመቁጠር ስንት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። የኔታ ሰምተው ዝም ሲሉ ፊታቸውን እያየሁ እንደገና እሄዳለሁ። ማሽኑ ቃል ይደረድራል እንጂ አይቀኝም።

የኮምፒውተር አስተማሪ፦ ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን ዛሬ አልቻለም ማለት መቼም አይችልም ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 1997 ዲፕ ብሉ የሚባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ ሲያሸንፍ፣ "ቼዝ ስሌት ነው፤ ጎ የሚባለው የእስያ የጠጠር ጨዋታ ግን ገና ነው" የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ2016 አልፋጎ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስመ ጥሩውን የጎ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታው። በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛዋን ጠጠር ሲያስቀምጥ ተንታኞቹ የተሳሳተ መስሏቸው ነበር። በዓመቱ አልፋጎ ዜሮ መጣ። የሰው ጨዋታ አንድም አላሳዩትም። ሕጉን ብቻ ሰጡት፤ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተማረ። ሊን ያሸነፈውን ማሽን 100 ለ 0 አሸነፈው። "ከሰው የሰማውን ነው የሚደግመው" ለምንል ሰዎች ይሄ ከባድ ነው። የግእዙ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነው፤ የእኛ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ነው።

የአስጋሪ ልጅ፦ ጎ ሕግ አለው። የጣናን ሕግ ማን ጻፈው? አባቴ ታንኳ ሲያስር አይታችሁት ከሆነ ይገባችኋል። ደንገሉን እቅፍ እቅፍ አድርጎ ይዘረጋዋል። በጉልበቱ ይጫነዋል፣ ገመዱን ይስባል፣ ትንሽ ይቆያል። ያልደረቀ ደንገል በኋላ ይኮማተርና ገመዱ ይላላል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን የሠራውን ፈትቶ እንደገና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። "በምን አወቅህ?" ስለው "እጄ ነገረኝ" ይለኛል። ይሄ የትም አልተጻፈም።

የኮምፒውተር አስተማሪ፦ ይሄኛው ትልቅ ነጥብ ነው። ለማሽን ከቼዝ ይልቅ ልብስ ማጠፍ ይከብደዋል። ግን የአባትህ እጅም ተምሮ ነው እንጂ አውቆ አልተወለደም። የሚዳስስ የማሽን እጅ ሺህ ጊዜ ቢሞክርስ?

የአስጋሪ ልጅ፦ እታለም፣ አባቴ ከተሳሳተ ይሰጥማል። ነፋሱ ከሰዓት ሲነሳ እናቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው። ማሽኑ ሲሳሳት ምን ያጣል?

ነርስ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ማሽኑ ሳይደርስብን ደርሷል ብለን ማመናችንን ነው የምፈራው። በቅርቡ አንዲት እናት ትኩሳት ያለው ልጇን በሦስተኛው ቀን አመጣችው። ስልኳ "ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ ውሃ አጠጪው" ብሏት ነው የቆየችው። ስንመረምረው ወባ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ። ሰውም ይሳሳታል፣ አውቃለሁ። ግን የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሰፈራችሁ የቆረ ውሃ አለ ወይ?" ብሎ ነው።

አወያይ፦ ነገ ማሽኑም ይጠይቃላ።

ነርስ፦ ይጠይቅ። ልጁ ቢሞት ግን ማን ይጠየቃል?

የቅኔ ተማሪ፦ አንድ ልጨምር። "የጣና ዋና" ብዬ ብጽፍ፣ ዋነኛው ማለቴ ነው ወይስ መዋኘቱ? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ቅኔ የሚያድረው እዚያ ነው።

አወያይ፦ እኔስ በምን እለየዋለሁ? ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። ማሽኑም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። በዚህ አልረታም። የታንኳው ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። እስካሁን ማሰብ ማለት ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚያጣው ነገር ያለው ሰው የሚያስበው በሌላ መንገድ ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። አቋሜን ግን አልተውኩም። የሚያጣው ነገር ያለው፣ መስጠም የሚፈራ ማሽን ቢሠራስ? ያኔ ምን ትላላችሁ?

የአስጋሪ ልጅ፦ እንደዚያ ያለ ከተሠራማ፣ አባቴ ነፋስ በተነሳ ሰዓት ብቻውን ሐይቅ ላይ አይልከውም። እኔንም ልኮኝ አያውቅም።