የዘይት ፍሬኔ አልይዝ አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከደብረ ብርሃን በገብስ ማሳዎቹ መካከል አልፌ፣ በወፍ ዋሻ ደን ዳር በጽድና በኮሶ ጥላ ሥር በተራራ ብስክሌት መንዳት ነፍሴ ነው። አሁን ግን የኋላ ፍሬኔ ከቤት አስቀርቶኛል።

ፍሬኑ ሺማኖ የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው፣ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ነው። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ መያዣው ይላላና እስከ እጀታው ድረስ ይገባል። ደጋግሜ ስጨብጠው ለአፍታ ይጠነክራል፤ ወዲያው ደግሞ ይላላል። ቱቦውንና መጋጠሚያውን በነጭ ጨርቅ ጠርጌ አየሁ፤ ጠብታ እንኳ የለም። የፍሬን ሸራውም ገና ወፍራም ነው። ዘይቱ ውስጥ አየር የገባ ይመስለኛል።

ጋራዦች የሚያቀርቡልኝ ዶት 4 የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት ነው። ሺማኖ የሚሠራው ግን በማዕድን ዘይት ነው፤ ዶት ከገባበት የውስጥ ጎማዎቹን ስለሚያበላሽ እሺ አላልኩም።

እባካችሁ፣ ትክክለኛው ዘይት ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የት ይገኛል? አየሩን በመርፌ ሲሪንጅ ራሱ ያስወጣ ሰው ካለ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ያስረዳኝ። ወይስ በሽቦ ፍሬን ልለውጠው? ለጥገና ይቀላል፤ ነገር ግን በጣርማ በር ቁልቁለት እጅ ያዝላል ብዬ እሰጋለሁ። በመንገዱ ላይ ከብት የሚነዱ ልጆች ስላሉ በአንድ ፍሬን ብቻ አልወርድም።