ዳገት በበዛበት ግማሽ ማራቶን ፔስ እንዴት ይያዛል?

ማለዳ21

ሰላም ለሁላችሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግማሽ ማራቶን (21.1 ኪሎ ሜትር) እሮጣለሁ። ባለፈው ዓመት እግሬን ይዞ ያስቀረኝ ያው መንገድ ነው፤ ዘንድሮ በትክክል ልሮጠው እፈልጋለሁ።

ሜዳ ላይ፣ ማለትም ዳገት በሌለው መንገድ፣ ያለኝ ሰዓት 1:52 (1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ) ነው፤ ፔሴ፣ ማለትም አንዱን ኪሎ ሜትር የምሮጥበት ጊዜ፣ 5:18 (5 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ) ገደማ። ከዚያ ውድድር አንድ ወር ቆይቼ ዳገታሙን ስሮጥ 2:04 ገባሁ። ልምምድ አላቋረጥኩም፣ አልታመምኩም፣ የዕለቱም አየር ቀዝቃዛ ነበር። ያ 12 ደቂቃ የት እንደሄደ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መነሻውና መድረሻው አንድ ቦታ ነው። ከ4ኛው ኪሎ ሜትር እስከ 6 ተኩል 80 ሜትር ከፍታ የሚያወጣ ረጅም ዳገት አለ፤ ከዚያ እስከ 9 ድረስ ያንኑ ያህል ቁልቁለት። 12 ላይ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ 40 ሜትር የሚያወጣ። የመጨረሻው ከ18 ተኩል እስከ 19 ተኩል ነው፣ 50 ሜትር፤ ከእሱ በኋላ እስከ መድረሻው ቁልቁል ነው። በየመሃሉ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ሲደመሩ ሽቅቡ በጠቅላላው 230 ሜትር ይሆናል።

እጄ ላይ በእስክሪብቶ 5:20 ብዬ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያውን ዳገት ስጀምር ሰዓቴ 5:45 ሲያሳየኝ ደንግጬ ጨመርኩ፤ ዳገቱን በሙሉ በ5:20 ወጣሁት። አናቱ ላይ የልብ ምቴ 178 ነበር። አጠገቤ እያወሩ ይሮጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ወደ ኋላ ሲቀሩ አይቼ ጥሩ እየሄድኩ መሰለኝ። ቁልቁለቱን ለማረፍ ብዬ ወደ ኋላ ዘንበል እያልኩ፣ በተረከዜ እየረገጥኩ ወረድኩ። 15 ላይ ጭኔ እንደ እንጨት ደረቀ። የመጨረሻውን ዳገት ጉልበቴን በእጄ እየደገፍኩ ተራምጄ ነው የወጣሁት፤ እነዚያ ሁለት ሴቶች እዚያ ላይ አለፉኝ፣ አሁንም እያወሩ። ለሁለት ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር።

ዳገት ላይ መከተል ያለብኝ የቱን ነው፦ ፔስ፣ የልብ ምት ወይስ ትንፋሽ? ሽቅብ የጠፋው ሰዓትስ ቁልቁል ይመለሳል?

ሰኞ_እረፍት

የልብ ምት ተከተይ፣ ሌላውን እርሺው። ሜዳ ላይ ግማሽ ማራቶን የሮጥሽበትን አማካይ ምት ያዢና ዳገቱ ላይ ከዚያ አትለፊ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሮጠው፤ መሃል ላይ አልቆብኝ አያውቅም።

አሯሯጩ

እህቴ፣ የልብ ምት ዝም ብሎ ፔስ ከመከተል ይሻላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዳገቱን ስትጀምሪ ጡንቻሽ ወዲያው ከባዱን ሥራ ይይዛል፤ ምቱ እስኪደርስበት ግን አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስታዪው ትጨምሪያለሽ፤ እውነተኛው ሲመጣ ረፍዷል። ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ሰውነትሽ ስለሞቀና ላብ ስለወጣሽ ብቻ ምቱ ከፍ ይላል፤ ያኔ ቁጥሩን ከታዘዝሽ ጉልበት እያለሽ ትቀንሻለሽ።

ዕድሜዬ 50ን አልፏል። ለአማተር ሯጮች ብዙ ጊዜ አሯሯጭ ሆኛለሁ፤ ዳገትን በሚገባ የተማርኩት ከኋላዬ የሚከተሉኝን ሰዎች በተባለው ሰዓት ማስገባት ግዴታዬ ሲሆን ነው። የምጠቀምበት ስሌት አሰልጣኞች የሚያውቁት ግምት ነው፦ ዳገት ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ተዳፋት (በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ከፍታ) በኪሎ ሜትር 8 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ቁልቁለት የሚመልሰው ግን 5 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ይህን ወደ አንቺ መንገድ እናምጣው። 80 ሜትር በ2 ተኩል ኪሎ ሜትር ሲወጣ 3.2 በመቶ ነው፤ 26 ሰከንድ ያስጨምራል። ሜዳ ላይ 5:20 የምትሮጥ ሰው እዚያ በ5:46 ስትወጣ ልክ ናት። ሰዓትሽ 5:45 ሲያሳይሽ ትክክል ነበርሽ! ያስደነገጠሽ ቁጥር ልትይዢው የሚገባው ቁጥር ነበር። ያንን ዳገት በ5:20 መውጣት ሜዳ ላይ በ4:54 ከመሮጥ ጋር እኩል ድካም አለው። 1:52 ለምትገባ ሯጭ ይህ የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ፔስ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከ13 ደቂቃ በላይ ይዘሽዋል። ገና 15 ኪሎ ሜትር እየቀረሽ የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ግማሹን ሮጠሽ ጨረስሽ ማለት ነው።

12 ደቂቃውን ደግሞ እንየው። መነሻና መድረሻው አንድ ስለሆነ የወጣሽው ሁሉ ይወረዳል። በየ10 ሜትሩ ሽቅብ 8 ሰከንድ ከፍለሽ 5 ትቀበያለሽ፤ ኪሳራው 3 ነው። 230 ሜትር 69 ሰከንድ ይሆናል። በ5:20 መሠረት 1:54 አካባቢ መግባት ነበረብሽ። ለነፋስና ለእግር ድካም ሁለት ደቂቃ ብንጨምር እንኳ 1:56። ከዚያ በላይ ያለው 8 ደቂቃ የዳገቱ ዕዳ አይደለም።

በዚያ ላይ የሜዳን ሰዓት ከዳገት ሰዓት ጎን አታስቀምጪ። አትሌት ዮሚፍ ቀጄልቻ እ.ኤ.አ. በ2024 ግማሽ ማራቶንን በ57:30 የሮጠው ለጥ ባለው የቫሌንሲያ መንገድ ላይ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ሕግም መድረሻው ከመነሻው በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ ክብረ ወሰን አይጸድቅም፤ ለግማሽ ማራቶን 21 ሜትር መሆኑ ነው። ተዳፋት ሰዓትን እንደሚቀይር ሕጉም ያውቃል።

እጅሽ ላይ አንድ ቁጥር አትጻፊ። መጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች 5:28፤ አንደኛው ዳገት 5:46፤ ሁለተኛው 5:52፤ የመጨረሻው 6:00። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ዳኛው ግን ትንፋሽሽ ነው። አራት አምስት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከወጣልሽ ቀጥይ። በየቃሉ መሃል መተንፈስ ካስፈለገሽ ወዲያው እርምጃሽን አሳጥሪ። እነዚያ ሁለት ሴቶች የያዙት ይህንኑ ነው። አናቱ ላይ ስትደርሺም አትልቀቂ፤ ብዙ ሰው እዚያ ይዝላል። ያንኑ ድካም ሌላ 100 ሜትር ያህል ያዢውና ፍጥነትሽ ራሱ ይመለሳል።

ባቴ_ደህና_ነው

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን 15 ላይ የጨረሰሽ ዳገቱ ብቻ አይመስለኝም። ወደ ኋላ ዘንበል ብለሽ በተረከዝ የወረድሽው ነው። ቁልቁል ስትሮጪ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደት የሚሸከመው፤ ፍሬን ስትይዢ ደግሞ ጭነቱ ይብስበታል። በጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ይፈጠራል፤ ሕመሙም ከፍ የሚለው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ደረጃ መውረድ ያቃተሽ ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። ቁልቁል አንድ ጊዜ በደንብ ከተለማመድሽ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ለስላሳ ቁልቁለት ፈልጊና 300 ሜትር ስድስት ጊዜ ውረጂ፤ ስትመለሺ በእርምጃ። አስፋልት ሳይሆን አፈር ቢሆን ይመረጣል። የመጨረሻውን ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጨርሺ።

አወራረዱ፦ እርምጃ አጭርና ፈጣን፣ እግር ከሰውነትሽ በታች የሚያርፍ፣ መላ ሰውነት ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ትንሽ ወደ ፊት። ወገብን አጥፎ ማጎንበስ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አታድርጊ። ክንድሽን ለሚዛን ትንሽ ክፈቺው። እኔ ራሴን የምፈትነው በጆሮዬ ነው፤ ጫማዬ "ጧ ጧ" ካለ ፍሬን እየያዝኩ ነው፣ ቀለል ያለ ድምፅ ካለው ልክ ነኝ።

ማለዳ21

ሦስት ሳምንት ሞክሬ ነው የተመለስኩት፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስሌትዎን ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። 8 ደቂቃዋን ሳያት አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም፤ ዓመቱን ሙሉ ዳገት አይሆነኝም ብዬ አምኜ ነበር።

እሁድ ዕለት ዳገት ባለበት መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ረጅሙን ዳገት በ5:48 ወጣሁ፤ አናቱ ላይ ምቴ 165 ነበር። በየ500 ሜትሩ "አሁንም መናገር እችላለሁ" እያልኩ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር 5:09 መጣ፣ ሳልታገል። ጭኔን ያመመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የጫማውን ድምፅ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮ ሰማሁት፤ ድካም ሲመጣ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የመጨረሻው ዳገት 18 ተኩል ላይ ነው። እዚያም መቆጠብ አለብኝ ወይስ ያለኝን ልስጥ?

አሯሯጩ

ጎሽ ልጄ! 165 በጣም ጥሩ ነው።

እዚያ ላይ ደንቡ ይላላል። የዳገቱን መጀመሪያ ግማሽ በ6:00 ያዢው፤ 19ን ስታልፊ ትንፋሽሽ ከፈቀደ ዓረፍተ ነገሩን ተዪው፣ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃሻል። ከአናቱ በኋላ የቀረሽ 1 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ነው፣ እሱም ቁልቁል ነው፤ የምትቆጥቢለት ሌላ ዳገት የለም። ጄል (እየሮጡ የሚዋጥ ጉልበት ሰጪ ጣፋጭ) የምትወስጂ ከሆነ ግን ዳገቱ ውስጥ ሆነሽ አትውሰጂው፤ 17 አካባቢ፣ ትንፋሽሽ ረጋ ባለበት ቦታ ዋጪና ውሃ ጠጪበት። እንደገባሽ ሰዓትሽን እዚሁ ጻፊልን።