የእናቴ ዋርፋሪን በጾም አልረጋ አለኝ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የያዛት የሩማቲክ በሽታ የልቧን ቫልቭ አጥብቦት ኖሮ፣ አምና ልቧ ድንገት ይርገፈገፍ ጀመር። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ስትነሳ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው ተባለ። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተር ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ደም እዚያው ይረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ ለምቱ ደግሞ ሜቶፕሮሎል።

ያስቸገረኝ አይኤንአሩ (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ነው። ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው፣ በፍስክ 2.4 የነበረው በዐቢይ ጾም 1.5 ወረደ። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው መድኃኒቱን እንደሚያደክም ተነግሮናል። ግን እማዬን በጾም ጎመን አትብዪ ማለት (የምታውቁ ታውቁታላችሁ) ቀላል አይደለም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረላት፤ ከፋሲካ በኋላ 4.1 ገብቶ ድዷ ደማ። ደግሞ ተቀነሰ።

አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ይህን ምርመራ የማይፈልገውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት (ሪቫሮክሳባን) ልላክ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ቫልቩ ክፉኛ ለጠበበ ሰው ዋርፋሪን ይሻላል ስላለን ተውነው።

እንደ እማዬ ዋርፋሪን እየወሰደ የሚጾም ቤተሰብ ያላችሁ፣ እንዴት ነው የምትይዙት? ጎመኑን ጨርሶ ከመተው በየሳምንቱ እኩል መጠን መብላት ይሻላል ይባላል፤ እናንተ ጋ ሠርቷል? ጾም ሲገባና ሲፈታ በስንት ቀን ታስመረምራላችሁ? ለሐኪሙ የማቀርበውን ጥያቄ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ፍልሰታ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።