ክርክር፦ ለስኮላርሺፕ ፕሮሰስ ለኤጀንሲ መክፈል ይገባል?

አወያይ፦
ሰላም የባሕር ዳር ወላጆችና ተማሪዎች። አንዲት እናት ትናንት የጠየቁት ጥያቄ ብዙ ሰው ስላነጋገረ ለብቻው አውጥቼዋለሁ። ልጃቸው 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፏል። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ኤጀንሲ «ውጭ አገር ሙሉ ስኮላርሺፕ አስጨርስለታለሁ» ብሎ 80 ሺህ ብር ጠይቋቸዋል። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። ይክፈሉ ወይስ ይቅርባቸው? የድርጅት ስም አትጥሩ። የምታውቁትን ብቻ ጻፉ።

የአባይ ማዶ እናት፦
ጠያቂዋ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ አላነብም። የልጄ አባትም በሕይወት የለም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ፎርም ሞልቶ አያውቅም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈው ተማሪ በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2016ም 5.4 በመቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ተመርጦ የወጣ ልጅ ዕድል እንዳያመልጠው ብከፍል ምን ነውር አለው? ብሩን ከዕቁብ አወጣዋለሁ።

ፖሊ የጨረሰ፦
እናታችን፣ እባክዎ አይክፈሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቱርኪዬ ቡርስላሪ የሚባለው፣ ማመልከቻው ነፃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይከፈታል። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ የወር ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትና የደርሶ መልስ ትኬት ይሸፍናል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም በነፃ ነው የሚያመለክቱት። እሱ ጥር መጀመሪያ ላይ ስለሚዘጋ ቀድሞ መነሳት ያስፈልጋል። ለሃንጋሪው የእኛ ትምህርት ሚኒስቴርም የአመልካቹን ስም ማስተላለፍ አለበት። ተማሪውን የሚመርጡት ሰዎች ጋ የትኛውም ደላላ እጁ አይደርስም። «አስጨርሳለሁ» ካለዎት እሱ የማይችለውን ነገር ነው የሚሸጥልዎት።

ቢሮ የምሠራ፦
እኔ እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁላችንንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡን። ውጤት ቃል የሚገባ ሰው አጭበርባሪ ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ የልደት ሰርተፍኬት ከወሳኝ ኩነት ማውጣት፣ ማስተርጎም፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለ። ፓስፖርት እንኳ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ መደበኛው 5 ሺህ ብር ሆኗል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሰው በአውሮፕላን ነው ወረቀቱን የሚልከው። ይህን ሁሉ የሚያሯሩጥ ሰው ዋጋ የለውም?

ፖሊ የጨረሰ፦
የሩጫ ዋጋ ሌላ፣ 80 ሺህ ሌላ። አንድ ነገር ደግሞ ሳትናገር ቀረህ። ብዙ የውጭ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ለሚያመጣላቸው ኤጀንት ኮሚሽን ይከፍላሉ። ስለዚህ ኤጀንሲው ልጁን የሚገፋው ኮሚሽን ወዳለበት እንጂ ሙሉ ወጪው ወደሚሸፈንበት አይደለም። ከዚያ «የ50 በመቶ ስኮላርሺፕ አገኘህ» ይባላል። እስቲ አስሉት። የዓመቱ ክፍያ 6 ሺህ ዶላር ከተባለ፣ ግማሹን ቤተሰብ በየዓመቱ ይከፍላል። ቤት ኪራይና ምግብ ሲጨመርበት ስንት ይሆናል? የመጀመሪያውን ዓመት መሬት ሸጠው ከፍለው በሁለተኛው የሚቸገሩ ቤተሰቦች አሉ። ልጁም እዚያ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ትምህርቱ ይቀራል።

እናታችን፣ ማንም ሰው «ስኮላርሺፕ» ሲልዎት ይህን ይጠይቁ፦ የትምህርት ክፍያውን ስንት በመቶ ይሸፍናል? ማደሪያና ምግብስ? እስከ መጨረሻው ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? ውጤቱ ቢወርድ ይቋረጣል? መልሱ ዩኒቨርሲቲው በላከው ደብዳቤ ላይ መጻፍ አለበት። በቃል የተነገረ አይቆጠርም።

ኮንያ ያለ ተማሪ፦
እኔ ቱርክ ነው የምማረው። ለማንም ብር አልከፈልኩም። ያስፈለገኝ እንግሊዝኛዬን የሚያይልኝ አንድ ሰው ነበር። እሱን የእንግሊዝኛ መምህሬ አደረገልኝ። ለባችለር ዝቅተኛው ውጤት 70 በመቶ ነው፣ ሕክምናና የጤና ትምህርቶች ግን 90 ይጠይቃሉ። ዕድሜም ከ21 በታች መሆን አለበት። የልጅዎ ውጤት ለሕክምና ካልደረሰ ሌላ የሚወደው መስክ ይምረጥ። ብዙ ልጆች ዓመታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

የዘጌ ልጅ፦
ከተማ ያላችሁ ሁሉ «ኦንላይን ነው፣ ነፃ ነው» ትላላችሁ። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም አልነበረም። ባሕር ዳር ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ወይም ቢሮ የሚያውቅ ሰው ያለው አመለከተ። እኛ በጀልባ ተሻግረን መጥተን ዴድላይኑ ማለፉን እንሰማለን። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ሰው ያለው ኤጀንሲ ለአንዳንዱ ብቸኛ በር ነበር። ይህን ሳታስቡ ከፋዩን አትውቀሱት።

የፔዳ ተመራቂ፦
ለማስተርስ ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። በፈረንጆቹ 2003 የወጣው ደንብ ነው ያመጣው። ምግብ፣ ማደሪያና ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው ይታሰባል። ዕዳው ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ አይቻልም። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ይዛችሁ ስኮላርሺፕ ስትጠብቁ እዚያ ላይ እንዳትያዙ፣ ቀድማችሁ ጨርሱት። የአውሮፓ ኅብረቱን ኢራስመስ ሙንዱስን የመሰለ ዕድል ማመልከቻው ነፃ ነው፣ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። እንዲህ ያለው በወረቀት ምክንያት ሲያመልጥ ያናድዳል።

መምህር ከሽምብጥ፦
ይከፈልም አይከፈልም የምትሉት ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ጥያቄው የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመ ይመስለኛል። አንዲት እናት ከዕቁቧ 80 ሺህ ብር አውጥታ የምትገዛው ነገር ትምህርት ቤቱ በነፃ ሊሰጣት የሚገባ ነው።

አሜሪካን ውሰዱ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትመዝ የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የቤተሰቡን ኪስ አያዩም። ከተቀበሉት በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። የሚቀበሉት በጣም ጥቂት ልጅ ነው፣ ያንን አልደብቅም። ግን ለማመልከት እንኳ ከትምህርት ቤቱ የሚላክ ነገር አለ። ትራንስክሪፕት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ መግለጫ፣ ልጁን ከሚያውቅ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ። የማመልከቻ ክፍያውንም ትምህርት ቤቱ «ይህ ልጅ አቅም የለውም» ብሎ ሲያረጋግጥ ያስነሡለታል። አዲስ አበባ ያሉ ትላልቅ የግል ትምህርት ቤቶች ይህን የሚሠራ አማካሪ ቀጥረዋል። እኛ ጋ ልጁ ደብዳቤ ሲጠይቅ «ለምንድን ነው?» ተብሎ ይመለሳል። ማኅተም ለማስመታት ብቻ ስንት ቀን ይመላለሳል። ከዚያ ኤጀንሲ ሄዶ ለሁሉም ልጅ የሚሰጠውን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይገዛል። አንባቢው ደግሞ ያንን ደብዳቤ ያውቀዋል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ክፍለ ጊዜው ተቀንሶለት ይህን ሥራ ይያዝ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የማመልከቻ ቀኖቹን መስከረም ላይ በአማርኛ ያሰራጭ። ለልጆቹ የሚጠቅማቸው በጊዜ የደረሰ መረጃ ነው።

ቢሮ የምሠራ፦
መምህር፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን መምህሩ በዚህ ኑሮ ውድነት በነፃ ይሠራል ብዬ አላምንም። አበል ካልታሰበለት ማኅተሙ ላይ ጉቦ ይጀመራል። ያኔ ወላጅ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ውስጥ ይገባል።

መምህር ከሽምብጥ፦
ፍርሃትህ ይገባኛል። ለዚህ ነው ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት ያልኩት፣ ሥራው የደመወዙ አካል ይሁን። የሚደብቅ ካለ በወላጅ ኮሚቴ ይጠየቅ። ደረሰኝ ካነሳህ አይቀር፣ የእናንተ ቢሮስ የማስተርጎሙን፣ የማረጋገጡንና የጉዞውን ዋጋ ለየብቻ ጽፎ ለምን አይለጥፍም? የማትሠሩትን ነገር እኮ ከዋጋው ውስጥ ማውጣት ይቻል ነበር።

ቢሮ የምሠራ፦
እኔ ቅጥረኛ ነኝ፣ ዋጋ አላወጣም። ለአለቃዬ ግን እነግረዋለሁ።

የአባይ ማዶ እናት፦
ሁላችሁንም አንብቦልኛል ልጄ። ቅድሚያውን አልሰጥም። ለወረቀት ማስተርጎምና ለማረጋገጥ የሚከፈል ካለ እከፍላለሁ፣ በደረሰኝ። ፎርሙን ራሱ ይሞላዋል። መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩት ባይሆንም እንግሊዝኛውን ያዩለታል?

መምህር ከሽምብጥ፦
ይምጣ። ትራንስክሪፕቱን ይያዝ፣ ስለ ራሱ አንድ ገጽ መጀመሪያ በአማርኛ ጽፎ ያምጣ። ከዚያ አብረን እናየዋለን።

የዘጌ ልጅ፦
እኛስ መምህር? እኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ አይሠራም፣ ዳይሬክተራችንም ለብዙ ሥራ አንድ ሰው ናቸው። ክልሉ ይመድባል ያሉት መምህር መጀመሪያ የሚመደበው ከተማ ነው፣ እዚህ እስኪደርስ እኛ ጨርሰን እንወጣለን። ከገጠሩ ይጀመር ነው የምለው። ከተማ ያለ ልጅ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው አያጣም።