ክርክር፦ ፈረንሳይ የሸጠችው የማንን መሬት ነው?

የአውሮራው (ኮሎራዶ)፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ለዜግነት ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አስጠናታለሁ። ትናንት «አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ የገዛችው ግዛት ማን ይባላል?» የሚለው ላይ ደረስን። መልሱ ሉዊዚያና ነው። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «ቆይ፣ ፈረንሳይ የሸጠችው የማንን መሬት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሳነብ አደርኩ።

እንከራከርበት። አሜሪካ ወደ ምዕራብ፣ እስከ ፓሲፊክ ድረስ የተስፋፋችው በማን ግፊት ነው? ነባሮቹ፣ ማለትም ከአውሮፓውያን በፊት ምድሩ ላይ የነበሩት ሕዝቦች፣ ላይ ለደረሰው ተጠያቂው ማን ነው? መሬት ፍለጋ የወጣው ድሃ ገበሬ ወይስ መንግሥት? እኔ መንግሥት ነው ባይ ነኝ፤ ዕዳው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። አንድ ልመና አለኝ፦ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ አትጎትቱብኝ። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ።

የዳላሱ፦ ለእናታችን መልካም ዕድል። ግን ወንድሜ፣ የሄዱት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እንይ። ብዙዎቹ ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከስዊድን ረሃብና የመሬት እጦት ያሰደዳቸው ናቸው። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር ሰጠ። በኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ግዴታው ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ 5 ዓመት መቀመጥ ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም ወደዚያው ሄደዋል። ካንሳስ ውስጥ ኒኮዲመስን በ1877 የቆረቆሩት እነሱ ናቸው።

ኑሮው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንጨት የሌለበት ሜዳ ነው። አፈሩን ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ይክባሉ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። እዚያ ውስጥ ሕፃን ታቅፋ የከረመችን እናት ዘራፊ ልበላት? እኛስ መሬት እንካችሁ ብንባል እምቢ እንል ነበር?

የሚኒሶታዋ፦ እውነቱን ለመናገር እምቢ አንልም። ግን በዚያው በ1862 እኛ ዘንድ የሆነውን ስማኝ። ዳኮታ የሚባሉት የአካባቢው ነባሮች በ1851 ውል ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለቅቀው በሚኒሶታ ወንዝ ዳር ጠባብ ቦታ ላይ ቀሩ። በምትኩ በየዓመቱ ገንዘብና ቀለብ ሊሰጣቸው ነው። የዚያ ዓመት ክፍያ ዘገየ። ነጋዴዎቹ በዱቤ አንሰጥም አሉ። መጋዘን ውስጥ እህል እያለ ሰው ተራበ። ኦገስት ላይ ጦርነት ፈነዳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ተገደሉ። ይህን አልደብቅም።

ቀጥሎ የጦር ችሎት 303 ዳኮታዎች ላይ ሞት ፈረደ። አንዳንዱ ችሎት 5 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ፕሬዚዳንት ሊንከን ዝርዝሩን ቀነሰው። ዲሴምበር 26 ቀን 38 ሰዎች ማንኬቶ ከተማ ላይ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረስ ውሉን በሕግ ሰርዞ ዳኮታዎቹን ከሚኒሶታ አባረረ።

ከልጆቼ ጋር ቦታው ድረስ ሄጃለሁ። ከወንዙ ብዙም አይርቅም፤ መኪና በአጠገቡ ያልፋል። የ38ቱ ስም ተጽፏል። ትልቋ ልጄ አንድ በአንድ ላንብብ ብላ ጀመረች። ሦስተኛው ስም ላይ ምላሷ ተያዘ። እንደገና ጀመረች። የናንተን ገበሬ አልረግመውም። ግን ማረሻው የገባው ውሉ ከተቀደደ በኋላ ነው፤ የቀደደው ደግሞ ገበሬው አይደለም።

መምህሩ፦ ልጆቼ፣ የእናታችሁ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር የሸጠችው «የኔ ነው» የምትለውን መብት ነው እንጂ መሬቱ በእጇ አልነበረም። አብዛኛውን አገር እግሯ አልረገጠውም። በ1823 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆንሰን ከማኪንቶሽ በተከራከሩበት መዝገብ ነገሩን ደመደመው፦ ነባሮቹ መሬቱ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፤ መሸጥ የሚችሉት ግን ለመንግሥት ብቻ ነው። ገዢው አንድ ብቻ የሆነ ገበያ ውስጥ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ማንም ያውቃል።

በ1830 ነባሮቹን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የማዛወር ሕግ ወጣ። በ1832 ያው ፍርድ ቤት የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ቸሮኪ በሚባሉት ነባሮች ምድር ላይ ሕግ ማውጣት አትችልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ አላዳናቸውም። በ1838 ወታደር ከየቤታቸው አወጣቸው። በየካምፑና በጉዞው ላይ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ባቡሩንም አትርሱ። በ1862 ሕግ ሐዲድ ዘርጊ ኩባንያ ለአንድ ማይል ሐዲድ 10 ካሬ ማይል መሬት ይሰጠዋል። በ1864 ወደ 20 አደገ። ኩባንያዎቹ ያንን ሁሉ መሬት የሚሸጡለት ሰው ፈለጉ፤ አውሮፓ ድረስ ወኪል ልከው ገበሬ አስመለመሉ። ስለዚህ ድሃው ተጠርቶም ነው የመጣው።

የዳላሱ፦ ጋሼ፣ ከርስዎ ብዙ ተማርኩ። ግን የምኖርበት ቴክሳስ ሌላ ነገር ይመሰክራል። ሰፋሪዎቹ የገቡት የሜክሲኮ ግዛት ሳለ ነው፤ ባሪያ ይዘው፣ ጥጥ ሊያለሙ። ሜክሲኮ በ1829 ባርነትን ከለከለች። በ1836 ተገነጠሉ። አሜሪካ የተቀበለቻቸው በ1845 ነው። ከዚያ ጦርነት መጣና ሜክሲኮ በ1848 ግማሽ ያህል ግዛቷን አጣች። እዚህ ሰፋሪው ቀደመ፣ መንግሥት ተከተለ። በአዲሱ መሬት ባርነት ይግባ አይግባ የሚለው ጠብም በ1850ዎቹ ካንሳስን ደም አፋሰሰ፤ በ1861 አገሩን ሁለት ከፍሎ የእርስ በርስ ጦርነት አስነሳ። ለኔ የመስፋፋቱ ትልቁ ውጤት ይሄ ነው፤ ያን ጦርነት ያመጣው የምዕራቡ መሬት ነው።

ሌላም አለ። ከሲዩ ሕዝቦች ወገን የሆኑት ላኮታዎች ራሳቸው ብላክ ሂልስን፣ የደቡብ ዳኮታን ተራራማ ምድር፣ የያዙት ሌሎችን ገፍተው ነው። የቱ ጋ ቆመን ነው «ባለቤቱ ይሄ ነው» የምንለው?

የሲያትሏ፦ ስለ ቴክሳስ ልክ ነህ ወንድሜ። እኔም ሁሉን ነገር ዋሽንግተን ላይ አልከምርም። ስለ ላኮታ ላነሳኸው መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ውል ላይ ቁም። በ1868 አሜሪካ ፎርት ላራሚ በሚባለው የጦር ምሽግ ላይ ውል ፈርማ ብላክ ሂልስ የሲዩዎች ነው ብላለች። በ1874 ከስተር የሚባል የጦር አዛዥ ወታደር ይዞ ገባ፤ ወርቅ ተገኘ። ሠራዊቱ መጀመሪያ ቆፋሪዎቹን ሊመልስ ሞከረ። ኋላ ግን ፕሬዚዳንት ግራንት ተዋቸው አለ። እንደ ቴክሳስ ሰፋሪ ቀደመ እንበል። ግን መንግሥት በእጁ የነበረውን በር ራሱ ነው የከፈተው።

ቀጥሎ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ውሉ መሬት ለመልቀቅ የአዋቂ ወንዶች ሦስት አራተኛ ፊርማ ይጠይቃል። ካልፈረማችሁ ቀለብ ይቆማል ተባሉ። እንደዚያም ሆኖ የፈረመው 10 በመቶ ያህል ነው። ኮንግረስ በ1877 መሬቱን ወሰደው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980፣ 8 ለ 1፣ ካሳ ይገባቸዋል አለ፤ ከነወለዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ሲዩዎቹ አንቀበልም አሉ። ገንዘቡ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን አልፏል። አንድ ሳንቲም አልነኩም።

የዳላሱ፦ ይህን አላውቅም ነበር። ግን ሕዝቡ ድሃ ነው። ቢወስዱትና ልጆቻቸውን ቢያስተምሩበት አይሻልም? የፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረጸበት፣ እዚያው ብላክ ሂልስ ያለው ራሽሞር ተራራ እንደሆነ አይመለስላቸው።

የሲያትሏ፦ ገንዘቡን መቀበል መሬቱን ሸጥን ማለት ነው ይላሉ። መመለስ ደግሞ ሰው ማፈናቀል አይደለም። በ1980ዎቹ ሴናተር ብራድሊ ያቀረበው ረቂቅ የግል መሬትንም ራሽሞርንም አይነካም ነበር፤ የሚመልሰው በፌዴራል መንግሥት እጅ ያለውን፣ አብዛኛውን ጫካ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። እናትህ የአያቷ ርስት ቢወሰድባት ቼክ ትቀበላለች?

የዳላሱ፦ አትቀበልም። እኔም ሰፋሪውን ዘራፊ አልልም፤ ያን አልለቅም። ግን ጫካው ይመለስ።

የአውሮራው፦ ዛሬ ማታ የጻፋችሁትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። በረንዳችን ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ የሚታየው ተራራ እስከ 2023 ኤቫንስ ነበር የሚባለው። ኤቫንስ በ1864፣ ሳንድ ክሪክ ላይ ወታደሮች ሸየንና አራፓሆ ከሚባሉት ነባሮች 230 ያህሉን ሲጨርሱ፣ የኮሎራዶ ገዥ ነበር። የሞቱት አብዛኞቹ ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ናቸው። የሸየኖቹ አለቃ ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር፤ ከሥሩም ነጭ ጨርቅ። ተራራው አሁን ብሉ ስካይ ይባላል።

ፈተናው ላይ «አንድ የነባር ሕዝብ ስም ጥሪ» የሚል ጥያቄም አለ። እስከ ትናንት ቸሮኪ ነበር የምትለው፤ ለመያዝ ቀለል ስላላት። ዛሬ ሳልጠይቃት «ሸየን» አለችኝ። ሐሙስ ትፈተናለች። ጸልዩላት።