«ሀገር የሚለውጥ ርዕስ አምጪ» ማለት ምን ማለት ነው?

ቤዛ፦
ትናንት የጓደኛዬ የፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ ማለትም የጥናት ዕቅዷ ግምገማ ላይ ነበርኩ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ጥያቄዋ ይሄ ነው፦ ሰላሌ አካባቢ ያለ የአንድ ወተት ኅብረት ሥራ ማህበር አባላት የጠዋቱን ወተት ያስረክባሉ፣ የማታውን ግን ቤት ያስቀራሉ። ለምን? አንድ ማህበር፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ወቅት፣ ጾምና ፍስክ። በቃ። ገምጋሚው ወረቀቱን አንብቦ እንኳ ሳይጨርስ «ይሄ ለማስተርስ ያንሳል። ሀገር የሚለውጥ ርዕስ አምጪ» አላት። እሱ ያቀረበላት ደግሞ «የወተት ሀብት ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ዕድገት ያለው ሚና» የሚል ነው። አንዲት ተማሪ በጥቂት ወራት፣ ከኪሷ እያወጣች፣ የኢትዮጵያን ኢኮኖሚ እንዴት ነው የምታጠናው? እስቲ አስረዱኝ።

የሰላሌ ልጅ፦
የማታ ወተት ያንሳል ያለው ሰውዬ ወተት አስረክቦ አያውቅም። ማታ የታለበ ወተት ማቀዝቀዣ ከሌለ እስኪነጋ መኮምጠጥ ይጀምራል። ከጠዋቱ ጋር ቀላቅለህ ብታመጣ ተረካቢው ትንሽ ወተት ወስዶ አልኮል ያደርግበታል። ከረጋ ወተቱ በሙሉ ይመለስብሃል። የጠዋቱም አብሮ ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመህ የመጣኸውን መልሰህ ትሸከማለህ። ስለዚህ የማታው ይናጣል። በእኛ ቤት የማህበሩን ብር የሚቀበለው አባቴ ነው፤ ስሙ ነው መዝገቡ ላይ ያለው። የቅቤው ብር ግን የእናቴ ነው። እስቲ ልጅቷ ትጠይቅ፤ የማታው ወተት ቤት የሚቀረው በማቀዝቀዣ እጦት ብቻ ነው ወይስ እናቶቻችን ስለሚፈልጉት? ይሄን ማንም መጥቶ ጠይቆን አያውቅም።

መምህሩ፦
እኔም አስተምራለሁ፣ በገምጋሚነትም እቀመጣለሁ። አነጋገሩ ሻካራ ሊሆን ይችላል፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚቆመው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011ም ምርምር የሀገርን ፍላጎት ይከተል ይላል። እኛ ግን «በአንድ ወረዳ»፣ «በአንድ ቅርንጫፍ»፣ «በአንድ ማህበር» እያልን ማንም የማይገልጠው ወረቀት ስናከማች ኖርን። ተማሪ ሀገር የሚለውጥ ርዕስ ያምጣ ብሎ መጠየቅ ምኑ ነው ነውሩ?

ቤዛ፦
መምህር፣ በአክብሮት ነው የምለው። እነዚያ ወረቀቶች የማይነበቡት ጠባብ ስለሆኑ አይደለም። ጥያቄ ስለሌላቸው ነው። «ተነሳሽነት በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንትን ባንክ፣ በእንትን ቅርንጫፍ።» መልሱ እኮ መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ይታወቃል። ተነሳሽነት ያለው ሠራተኛ የተሻለ ይሠራል። የባንኩን ስም ቀይሮ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መስጠት ይቻላል። ያ በጣም ሰፊ ርዕስ ነው፣ የቅርንጫፍ ስም መጨረሻው ላይ ስለተለጠፈበት ጠባብ አይሆንም። የጓደኛዬን ርዕስ እስቲ ከወተት ማህበሩ አውጥተው ባንክ ላይ ይለጥፉት። አይለጠፍም።

ናቲ ስታት፦
ቤዛ ልክ ናት። ለስንት ሰው ዳታ እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁሉም አንድ ነው። ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላው የያማኔ ፎርሙላ ይወጣል፤ በተለመደው 5 በመቶ የስህተት መጠን የሕዝቡ ብዛት 12 ሺህ ከሆነ ናሙናው 387 ይሆናል። 100 ሺህ ከሆነ 398። ከ400 አያልፍም፤ ስለዚህ ማንም አይጨነቅም። ከዚያ «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ያለ አምስት ሳጥን ይበተናል። መላሹ ሻይ ሰዓቱ እንዳያልፍበት ሦስተኛዋን ሳጥን ከላይ እስከ ታች ያሰምራል። ዳታ የሚተነትነው ፕሮግራም፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ደግሞ ያስገባህለትን ሁሉ ይቀበላል፣ የጠየቅከው ነገር ትርጉም ይኑረው አይኑረው አይነግርህም።

አብዲ፦
የዘነጋችሁት ነገር አለ። ታላላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎቻችን ትልቅ አስበው ነው የተነሱት። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ነው የተነሱት እንጂ ስለ አንድ ወንዝ ለማወቅ አይደለም። ትልቅ ሕልም ያለው ሰው ነው ትልቅ ነገር የሚያገኘው። የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ።

ቤዛ፦
አብዲ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አድዋ ላይ፣ አክሊሉ ለማ ያዩት ነገር ምን ነበር? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተዋል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ታዲያ ጥያቄያቸው «በሽታ በአፍሪካ ልማት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ሆነ? አልሆነም። እዚህ ቦታ ላይ ለምን ሞቱ፣ አረፋው ነው ወይ የገደላቸው? ይሄ ነው የጠየቁት። በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ አረፋው ውስጥ ቢያስገቡት ምን እንደሚሆን ወዲያው ማየት ይቻላል። ሰፊው ነገር ስጋታቸው ነበር። የጠየቁት ግን አንድ ወንዝ ዳር ያለውን ነው።

አብዲ፦
ከዚያስ በኋላ? እንዶድ ዓለምን አጥለቀለቀ? ዓለም አቀፍ ተቋማቱ ስንት ዓመት ጀርባ እንደሰጡት ታውቂያለሽ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ትንሿ ጥያቄ ብቻዋን አላደረሰቻቸውም። ገንዘብ፣ ላቦራቶሪ፣ ተቋም፣ ፖለቲካ ሁሉ አስፈልጓል። ስለዚህ ተማሪን «ትንሽ ጠይቅና ተቀመጥ» ማለት እሱንም ሀገሩንም መበደል ነው።

የሰላሌ ልጅ፦
ማን «ተቀመጥ» አለ? ያላለችውን አታስብላት። ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ እኛ ዘንድ ልትመጣ ነው የፈለገችው። ያስቀመጣት ገምጋሚው ነው።

እሙዬ፦
እኔ ያለፈው ዓመት ጨርሻለሁ። መጀመሪያ ያመጣሁት ርዕስ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል የጀመሩ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ለምን ይቀራሉ የሚል ነበር። ካርዶቹ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። የቀሩትን ሴቶች ስልክ አግኝቼ ሄጄ አናግራለሁ ብዬ ነበር። አማካሪዬ «አስፊው» አሉኝ። «የእናቶች ጤና አገልግሎት አጠቃቀምን የሚወስኑ ምክንያቶች» ሆነ። ትምህርት፣ ገቢ፣ ርቀት ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹ ሁሉ የጻፉት ነው። «ቬሪ ጉድ» ተሰጠኝ። እነዚያ ሴቶች ለምን እንደቀሩ ግን ዛሬም አላውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ሀኑን ሪሰርች፦
እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁ ስደቡኝ። እኔ የምተዳደረው ለተማሪ ቴሲስ፣ የመመረቂያ ጥናት፣ በማገዝ ነው። ማገዝ ስል ሁላችሁም ይገባችኋል። ሰፊ ርዕስ ይዞ የመጣ ተማሪ ከቤቴ ሳልወጣ ይጨርሳል። ምዕራፍ አንድና ሁለት ዝግጁ ናቸው፣ የጥናት ዘዴውም እንደዚያው። የቦታ ስም ብቻ ነው የምቀይረው። እንደዚች ልጅ ዓይነት ርዕስ ግን አልቀበልም። የአልኮል ፈተናው በየቀኑ ስንት ወተት እንደሚመልስ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሄዶ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ፍቼ አልሄድም።

መምህሩ፦
እርስዎ ይህን በአደባባይ ለመናገር አያፍሩም? የትምህርት ጥራትን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለ ርዕስ ምርጫ ሊያስተምሩን ነው?

ሀኑን ሪሰርች፦
መምህር፣ ደንበኞቼ የሚመጡት «ሀገር የሚለውጥ ርዕስ» ተሰጥቷቸው ደንግጠው ነው። አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚደረደርለት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጊዜ የለውም፤ ወደለመደው ርዕስ ይመራል። ተማሪው ከየት ይጀምር? እኔ ጋ ይመጣል።

ናቲ ስታት፦
ሀኑን የምትሠራውን አልደግፍም፣ ይመዝገብልኝ። ያለችው ነገር ግን ዋናው ነጥብ ነው። ገምጋሚዎች ስለ ኩረጃ ስብሰባ ከመጥራታቸው በፊት እራሳቸው የሚያጸድቁትን ርዕስ ይመልከቱ። ሰፊ ርዕስ ይገዛል። ጠባብ ርዕስ አይገዛም፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው ይፈልጋልና።

መምህሩ፦
ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ጠባብ ጥናት ያለበትን ችግር ማንም አልመለሰልኝም። አንድ ማህበር ላይ የተገኘ መልስ ለሱሉልታ ይሠራል? ለባሕር ዳር ዙሪያ ይሠራል? ካልሠራ የግብርና ሚኒስቴር ምን ያደርገዋል? ሳይንስ ማለት ከአንዱ ወደ ብዙው መሄድ ነው።

ቤዛ፦
መምህር፣ «የወተት ሀብት ሚና» የሚለው ለሱሉልታ ይሠራል? ለየትም ስለሚሆን ለየትም አይሠራም። ጓደኛዬ ግን አንድ የሚፈተን ነገር ይዛለች። ማቀዝቀዣ ከሆነ ምክንያቱ፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው አባላት የማታውን ያስረክባሉ ማለት ነው። ካላስረከቡ ሌላ ምክንያት አለ። የቅቤው ብር ከሆነ፣ ሴቶች በራሳቸው ስም አባል የሆኑበት ቤት ከሌላው ይለያል። ሁዳዴ ሲገባ ገዥ ይቀንሳል፤ 55 ቀን ማህበሩ ራሱ ወተት የት እንደሚያደርስ ይጨነቃል። ያኔ የማታው ወተት ወዴት ይሄዳል? ይሄን ሱሉልታ ያለ ሌላ ተማሪ ወስዶ በነጋታው መጠየቅ ይችላል። ከአንዱ ወደ ብዙው የሚኬደው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ አንዱ በደንብ ይታወቅ እንጂ!

አብዲ፦
የማሽላ ተመራማሪውን ገቢሳ ኤጄታን እንውሰድ። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ማሽላ ለአፍሪካ ብለው ነው። አንድ ማሳ ብለው አይደለም።

ናቲ ስታት፦
አብዲ፣ አሁንም በራስህ ላይ ጎል እያገባህ ነው። ጥናታቸው «ማሽላ ለአፍሪካ» አልነበረም። የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም፣ አቀንጭራ ላይ ነው የወረዱት። የአቀንጭራ ዘር መሬት ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል፤ የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ታዲያ ያን ምልክት በጥቂቱ የሚያወጣ ማሽላ ቢገኝስ? ከሥሩ የሚወጣውን ጠብታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲከታተሉ ነው የኖሩት። አፍሪካ የተጠቀመችው ከዚያ ጠብታ ነው።

አብዲ፦
ላቦራቶሪ ሲኖርህ፣ እንደ እሳቸው አሜሪካ ፐርዲው ዩኒቨርሲቲ ስትሆን ጠብታ መከታተል ትችላለህ። እዚህ መብራት እንኳን…

የሰላሌ ልጅ፦
ለዚህ ጥናት ላቦራቶሪ ማን ጠየቀ? ጠዋት በጊዜ መነሳት፣ መረከቢያው በር ላይ መቆም፣ የተመለሰውን መቁጠር፣ ከዚያ ባለቤቱን አብሮ እየሄዱ ማነጋገር። ኦሮምኛ መቻል ወይ የሚችል ሰው መያዝ። ሌላ ምን?

እሙዬ፦
ሰዉ ምክር ሲጠይቀኝ የምለው ይሄው ነው። ርዕስ ከመምረጥህ በፊት መዝገቡ የት ነው ያለው፣ ማን ፈቅዶ ያሳይሃል፣ ስንቴ መመላለስ ትችላለህ፣ ትራንስፖርቱን ማን ይችልልሃል ብለህ ጠይቅ። መልስ ካላገኘህ ርዕሱ ያንተ አይደለም። ደግሞ መልሱን አስቀድመህ የምታውቀው ከሆነ ተወው።

መምህሩ፦
መልካም። እኔ የምለው የተለየ አይደለም። ዲፓርትመንቱ አንድ ትልቅ ጭብጥ ይያዝ፤ ወተት እንበል። አሥር ተማሪ አሥር ማህበር ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቅ። ያኔ ሀገር የሚለውጥ ይሆናል።

ቤዛ፦
መምህር፣ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የትናንቱ ገምጋሚ ያለው ይሄን አይደለም። «ያንሳል» ነው ያለው። ከአሥሩ የመጀመሪያዋ እኮ እሷ ነበረች። በሯ ላይ መለሳት።

ናቲ ስታት፦
በነገራችን ላይ የማህበሩ አባላት ስንት ናቸው? 140 ከሆኑ በያማኔ 104 ይወጣል። ግን እባካችሁ «ናሙና ውሰጂ» አትበሏት፤ 140 ሰው ሁሉንም ማናገር ይቻላል።

መምህሩ፦
ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ከሆነ 140 ይበዛል። 20 በቂ ነው።

ናቲ ስታት፦
20 ሰው ይዘው ነው ስለ ሱሉልታ ይሠራል አይሠራም ብለው የሚጠይቁት?

የሰላሌ ልጅ፦
ስለ ቁጥር ስትጨቃጨቁ ልጅቷ ርዕሷን ልትቀይር ነው። እኔ የማህበሩን ጸሐፊ አውቀዋለሁ። መዝገቡን ያሳያታል፣ ስልኩን በውስጥ እልክላታለሁ። መምህር፣ ለእርስዎ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሰላሌ ላይ በዓመት ስንት ሊትር ወተት ከመረከቢያ በር እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ?

መምህሩ፦
ለዚህ እኮ ነው ሀገር አቀፍ ጥናት ያስፈልጋል የምለው።

ቤዛ፦
ከየትኛው በር ይጀምራል ታዲያ?