የፊያት 124 ስፓይደር መሪ ላልቶ አስቸገረኝ፣ ኮለሙን ልፍታው?

የሱሉልታው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ከአባቴ የቀረችልኝ የድሮ ፊያት 124 ስፓይደር አለችኝ፣ ሞተሯ እስካሁን ምንም አይላትም ችግሬ መሪዋ ነው። መሪውን ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ሳደርገው ከነዘንጉ ይነቃነቃል፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይዞራል። ኮብልስቶን ላይ ዳሽቦርዱ ስር ይንኳኳል፣ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስወርድማ ከፊቴ ሲኖ ሲመጣ እጄን ያልበኛል። እዚሁ ሰፈር ያለ ጋራዥ ባሳይ ዘንጉን በብየዳ እናጠብቀው አሉኝ፣ ልቤ አልፈቀደም ይዣት ተመለስኩ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ዕቃውስ ይገኛል?

ካቻቢቴ፦
ብየዳውን እምቢ ማለትህ ጎሽ ወንድሜ። የመሪ ዘንግ በብየዳ እሳት ከተነካ ጥንካሬው ይበላሻል፣ ሲሰበር ደግሞ አስቀድሞ አይነግርህም።
የነገርከን ሁለት የተለያየ ችግር ነው አትቀላቅለው። ወደ ላይ ወደ ታች የሚለው ኮለሙ (የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ዘንጉን የሚይዘው ቡሽ ወይም ኩሽኔታ አልቆ ነው። ባዶ መዞሩ ግን ከክሮቸራው (የላይና የታች ዘንጉን የሚያገናኘው መስቀለኛ መጋጠሚያ) ወይም ከመሪ ቦክሱ (ዙሩን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የማርሽ ሳጥን) ወይም ከቦል ጆይንት (ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች መጋጠሚያ) ነው የሚመጣው። ምንም ሳትፈታ ማወቅ ትችላለህ፣ መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች ሞተሩ ይጥፋ ግን መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ክፈተው፣ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያድርግልህና አንተ ከላይ ጀምረህ እየዳበስክ ውረድ። ከክሮቸራው በላይ ያለው ዘንግ ዞሮ ከታች ያለው ከዘገየ እሱ ነው፣ ወደ ቦክሱ የሚገባው ዞሮ ከቦክሱ የሚወጣው ክንድ ከዘገየ ቦክሱ ነው፣ ክንዱ ዞሮ ጎማው ከዘገየ ቦል ጆይንቶቹን እና በወዲያኛው ጎን ሻሲው ላይ የታሰረውን አይድለር የሚባለውን ደጋፊ ክንድ እይ።

የላዳው ልጅ፦
ካቻቢቴ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ላዳ ላይ ያደገ መካኒክ ፈልግ፣ ላዳ 2101 እኮ ከፊያት 124 ነው የመጣችው፣ እኤአ ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ የተሰራች፣ የመሪ ቦክሳቸው አሰራሩ አንድ ነው ዎርምና ሮለር (ጠመዝማዛ ማርሽና እሱ ላይ የሚሽከረከር ጥርስ)። ላዩ ላይ ዳዶ ያለው ማስተካከያ ብሎን አለ፣ ጎማው ቀጥ እንዳለ በጣም በጥቂቱ ነው የሚጠብቀው፣ ካበዛኸው ከኩርባ ስትወጣ መሪው በራሱ አልመለስ ይልሃል። ውስጡ የሚገባው 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው ግራሶ አይደለም! ጎሚኒው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ሲያፈስ ግራሶ ጠቅጥቀው የሚሰጡ አሉ፣ ግራሶው ከዎርሙ ላይ ተገፍቶ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም ከዛ ብረት ከብረት ይፋጫል

የቃሊቲው፦
ታዲያ ለምን አትገላገልም የላዳ ኮለም ሙሉውን ግጠምላት

ካቻቢቴ፦
ኧረ ተው። የስፓይደር የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2280 ሚሊ ነው የቤት መኪናዋ 124 ግን 2420፣ ሹፌሩም ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ የቤት መኪና ኮለም ልክ ይሆናል ብለህ አትገምት። ትንንሹን ዕቃ ግን ሱማሌ ተራ የራስህን አሮጌ ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያይ፣ ካልተመሳሰለ አትግዛ።

ቶርኖ ቤት፦
ቡሹ ካልተገኘ ቶርኖ ይወጣል፣ እኔ ናይለን እመርጣለሁ ዘንጉን አይበላም። መጀመሪያ ግን ዘንጉን በካሊፐር ለኩ፣ ቡሹ የሚቀመጥበት ቦታና ያልተነካው ቦታ ልዩነት ካለው አዲስ ቡሽ ብቻውን አይፈታውም። ሲፈታ መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግ፣ መሪው አልወጣ ካለ ዘንጉን በመዶሻ እንዳትመታ፣ ማውጫ ተጠቀም። ቁልፉ ማቀፊያ ላይ ራስ የሌለው ብሎን ካገኘህ ሆን ተብሎ ለሌባ የተሰራ ነው፣ በመጋዝ ቦይ አውጣለትና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈታል።

የሱሉልታው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ወንድሜ መሪውን ይዞልኝ አየሁት፣ ክሮቸራው ነው! ላዩ ዞሮ ታቹ ቆይቶ ነው የሚከተለው። ቡሹም አልቋል፣ ቦክሱ ግን ደህና ነው ከስሩ ትንሽ ዘይት አርሶታል እንጂ። ቅዳሜ ሁለቱንም ፈትቼ ሱማሌ ተራ እወርዳለሁ።

ካቻቢቴ፦
በርታ። ክሮቸራውን ስትመልስ የሚያጠብቀው ብሎን ዘንጉ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ማለፉን በዓይንህ እይ፣ ሳያልፍበት ከጠበቀ ዘንጉ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል። ብሎኑንና ዳዶውንም አዲስ አድርገው። የጎሚኒውን ነገር ደግሞ ዘይቱን ሞልተህ ጥቂት ነድተህ እየው፣ ከጎደለ ያኔ ይቀየራል